ልጁ ከማን ጋር ይደር? ስለ ልጅ ማሳደግ መብትና ስለ ሞግዚትነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እህቴ ያረፈችው ልጇ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ነው። አባትየው ከዚያ በፊት አርፏል። ልጅቷ እናቴ ቤት ቀረች፤ ማንም በምን መብት ብሎ አልጠየቀንም። ጥያቄው የመጣው የእህቴን ጡረታ ለልጅቷ ልናስከብር የሄድን ቀን ነው። መስኮቱ ጋ የነበረችው ሠራተኛ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠችና «ሞግዚትነቱስ?» አለች። እናቴ «አያቷ ነኝኮ» አለቻት። «አውቄያለሁ እማማ፣ ወረቀቱን ነው የምልዎት።»

ያን ወረቀት ለማውጣት ስመላለስ የፍርድ ቤቱን ኮሪደር እንደ ቤቴ ለመድሁት። ከዚያ ወዲህ ዘመዱም ጎረቤቱም እኔን ነው የሚጠይቀው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፣ ደጋግሞ በስልክ ከማውራት አንዴ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። የምናገረው በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ነው። እሱ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ክልሎች የራሳቸው አላቸው፤ ለምሳሌ አማራ አዋጅ 79/1995፣ ኦሮሚያ አዋጅ 69/1995። በብዙው ይመሳሰላሉ፣ ቢሆንም የክልላችሁን ሳታዩ አትጀምሩ።

ሞግዚት ማለት ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ አይደለችም እንዴ?

በሰፈር ቋንቋ አዎ። በሕግ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ሁለት ሥራ ይለያል። አሳዳሪ የሚባለው ልጁን ራሱን የሚመለከተውን የሚወስነው ነው፦ የት ይኖራል፣ የት ይማራል፣ ሲታመም ማን ያሳክመዋል። ሞግዚት ደግሞ በገንዘብና በንብረት ጉዳይ ልጁን የሚወክለው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ስለሚያርፉ ሁሉም ሰው ጠቅልሎ «ሞግዚትነት» ይለዋል። «ልጅ የማሳደግ መብት» የሚለው ደግሞ በብዛት የሚሰማው ወላጆች ሲለያዩ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። አይደለም። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥም፣ ስለዚህ አቤቱታው ላይ አንዱን ጽፋችሁ ሌላውን ከረሳችሁ እንደገና መመለሳችሁ ነው። «አሳዳሪና ሞግዚት» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጅ ለማን ይሰጣል? እስከ 5 ዓመት ለእናት ነው ይባላል።

ይባላል፣ ምንጭም አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ልጅ 5 ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር ይሁን የሚል ድንጋጌ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ይህን አስቀርቷል። አሁን ዳኛው ፍቺውን ሲወስን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ትምህርቱን፣ ጤናውን፣ ቀለቡን፣ ሌላኛው ወላጅ መቼ እንደሚያየው አብሮ ይወስናል። ሲወስን የሚያየው የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ ከዚያ የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። ለእናት ወይም ለአባት ተብሎ የተጻፈ ኮታ የለም።

በተግባር ጡት የሚጠባ ሕጻን ከእናቱ ይነጠላል ብላችሁ አትስጉ። ግን «እናት ስለሆንኩ ብቻ» ብላ ባዶ እጇን የምትቀርብ ሴት አይቻለሁ፣ ገቢዬ ይበልጣል ብሎ የደመወዝ ማስረጃ ብቻ ይዞ የሚቀርብ አባትም አይቻለሁ። አባትየውን ዳኛዋ «የልጅህ አስተማሪ ማን ትባላለች?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። ደመወዙ ጥሩ ነበር።

ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ የት ይቆያል?

ፍቺው ገና በሂደት ላይ እያለ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቆይና ቀለቡ እንዴት እንደሚሆን። ጠይቁ። ያልጠየቀ ወር በወር ላይ እየተደረበ ይቆይበታል፣ ልጁም የያዘው ሰው ቤት ይለምዳል፣ ያ ልማድ ደግሞ በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ሌላኛው ወገን ልጁን ይዞ ከአገር ይወጣል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የእግድ ትእዛዝ በአስቸኳይ አመልክቱ። ኢትዮጵያ የልጆች ጠለፋን የሚመለከተው የ1980ው የሔግ ስምምነት አባል አይደለችም፤ ልጁ አንዴ ከወጣ በዚያ መንገድ ማስመለስ የለም።

በሽማግሌ ተስማምተን ተፈራርመናል። አይበቃም?

ጥሩ ጅምር ነው። ግን ፍርድ አይደለም። በድሮው ሕግ የቤተሰብ ሽማግሌዎች ፍቺን ራሳቸው ይወስኑ ነበር፣ አሁን ያ ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። ስምምነታችሁን ለችሎት አቅርባችሁ አስጸድቁት። ዳኛው የልጁን ጥቅም የሚጎዳ ነገር ካየበት ሊያስተካክለው ይችላል፤ ለምሳሌ «ቀለብ አልጠይቅም» ብላ እናት ብትፈርም እንኳ ቀለቡ የልጁ ነው፣ የእሷ አይደለም።

ሁለቱም ወላጆች አርፈዋል። ከዘመድ ማን ይቀድማል?

አንዱ ብቻ ካረፈ በሕይወት ያለው ብቻውን ይቀጥላል። ሁለቱም ከሌሉ መጀመሪያ የሚታየው ኑዛዜ ነው፤ ወላጅ በኑዛዜው ለልጁ ሞግዚት መሰየም ይችላል፣ ማንም አያደርገውም እንጂ። ኑዛዜ ከሌለ ቅድሚያ ለአያቶች ነው። እነሱ ከሌሉ አካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ቀጥሎ ለአጎትና ለአክስት። አጥብቄ የምነግራችሁ ይህ ቅደም ተከተል የታሰረ ገመድ አለመሆኑን ነው። አያት 80 ዓመት ሆኗቸው ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ አክስትየዋ ብትቀርብ ዳኛ ያደምጣል። እኛም እንደዚያ ነው ያደረግነው፣ እናቴ ችሎት ቀርባ «ሞግዚቷ ልጄ ትሁን፣ እኔ ጉልበቴ ዳገት አልወጣም ብሏል» አለች።

ወንድማማቾች በዚህ ሲጣሉ ማየት ያሳፍራል። በተለይ የሟች ቤት ካለ። ቤት ከሌለ ያን ያህል ተሟጋች አይመጣም፣ እሱንም አይቻለሁ።

አባቱ በሕይወት አለ። ልጁን ከሕጻንነቱ ያሳደግሁት ግን እኔ አክስቱ ነኝ። አሁን መጥቶ ልውሰድ አለኝ። ሕጉ ለእሱ ነው አሉኝ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

ሕጉን ብቻ ብታነቡት የነገሯችሁ ልክ ነው የሚመስለው። እናት ስትሞት አባት ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል ይላል። ግን ይህ ጥያቄ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን እስከሚያርመው የመጨረሻ ችሎት፣ ደርሶ ያውቃል፤ የመዝገብ ቁጥሩ 23632፣ ውሳኔው የተሰጠው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከደቡብ ክልል የመጣ ጉዳይ ነው። እናት ሞታለች። ልጁን ያሳደገችው አክስት ናት። አባት መጥቶ በሕግ ሞግዚቱ እኔ ነኝ አለ፣ የክልሉ ፍርድ ቤቶችም ለእሱ ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ ሻረው። ያለው በአጭሩ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅን በሚመለከት በማናቸውም እርምጃ የልጁ ጥቅም በቅድሚያ ይታይ ይላል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽንም እንደዚያው፤ ስለዚህ አባትነት ብቻውን ልጁን አሳድጎት ከቆየው ሰው ነጥቆ ለመስጠት አይበቃም።

ይህ ለምን ይጠቅማችኋል? ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት፣ የክልሎቹንም ጨምሮ፣ ያስገድዳል። ቁጥሩን አቤቱታችሁ ላይ ጻፉት።

አሁን ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስስባችሁ። ይህ ውሳኔ «ያሳደገ ሁልጊዜ ይረታል» ማለት አይደለም። አባትየው ሲጠይቅ፣ ብር ሲልክ፣ በዓል ሲመጣ ልብስ ገዝቶ ሲያመጣ የቆየ ከሆነና ልጁም የሚያውቀው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እሱን ከልጁ ሕይወት ለማጥፋት ብላችሁ ከቀረባችሁ ዳኛው ራሱ ይጠረጥራችኋል። «ልጁ ከእኔ ጋር ይቆይ፣ አባቱ ግን በሳምንት ይየው» ብላችሁ ብትቀርቡ ይሻላል። ለልጁም ይሻላል።

እንግዲህ ምን ማስረጃ ልያዝ?

የግዴታዎቹ ይታወቃሉ፦ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሟች ወላጅ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የእናንተ መታወቂያ፣ ዝምድናችሁን የሚያሳይ የወረዳ ማስረጃ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ካለ ዘግይቶም ማስመዝገብ ይቻላል፤ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ልጅ ወረቀት የለውም፣ አትደንግጡ።

ሰው የሚዘነጋው ሌላውን ነው። የክትባት ካርድ ላይ ማን ነው የፈረመው? የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ በማን ስም ነው? ሰርተፍኬቱን ማን ነው የተቀበለው? ሐኪም ቤት ካርድ ያወጣለት ማነው? አንዲት አያት ችሎት ፊት አንድ ጥቁር ፌስታል ገልብጠው ሦስት ዓመት ሙሉ የከፈሉትን የትምህርት ቤት ደረሰኝ ዘረገፉ፤ አንዱ ላይ ወጥ ፈሶበታል። የከሳሽ ጠበቃ ሲያወራ ቆይቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ብዙም አልተናገረም። ደረሰኝ አትጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልንገራችሁ። የአባቷ ስም በልደት ካርዷ ላይ «ኃይለማርያም»፣ በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ሃይለ ማርያም» ተብሎ ነበር። በዚህች «ሃ» እና በአንዲት ክፍተት የተነሳ አንድ ቀጠሮ ተቃጠለብን፣ አንድ ሰው ነው የሚል ማስረጃ አምጡ ተባልን። ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ።

የት ነው የሚኬደው? የመክፈል አቅም ባይኖረኝስ?

ተከራካሪ የሌለበት የሞግዚትነት ማስረጃ ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት። ፍቺ ወይም በልጅ ላይ ክርክር ካለ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት። ክልል ያላችሁ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት። አቤቱታ ይጻፋል፣ ቃለ መሐላ ይያያዛል፣ መዝገብ ይከፈታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ምስክር ይሰማል። ያለበት ያልታወቀ ወላጅ ካለ በጋዜጣ ጥሪ ሊታዘዝ ይችላል፣ ያ ጊዜም ብርም ይወስዳል።

የእኛ ክርክር አልነበረበትም፣ በሦስት ቀጠሮ አለቀ፣ አንዷን ያቃጠለችው «ሃ» ናት። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ መዝገብ ይከፈትልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ነጻ ምክር ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከል አላቸው። በር ላይ ቆመው «እኔ ላስጨርስልህ» የሚሉትን ተዉአቸው።

ልጁን ራሱን ይጠይቁታል?

ነፍስ ካወቀ ብዙ ጊዜ አዎ፣ በችሎት ሳይሆን ቢሮ ውስጥ። የእኛዋን ዳኛዋ የጠየቋት «ማንን ትመርጫለሽ?» ብለው አይደለም፣ «ማታ ከማን ጋር ነው የምትተኚው?» ብለው ነው። «ከአያቴ ጋር፣ በግድግዳው በኩል እኔ ነኝ» አለች። አበቃ። ልጅ ማስጠናት ግን ይነቃበታል፤ የስድስት ዓመት ሕጻን «ለሁለንተናዊ እድገቴ» ካለ ማን እንዳስጠናው ይታወቃል።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅስ?

አባትነቱ በሕግ ከታወቀ በመብቱ ከሌላው ልጅ አያንስም። ካልታወቀ እናትየው ብቻዋን አሳዳሪና ሞግዚት ናት። ቀለብ መጠየቅ የምትፈልግ እናት መጀመሪያ አባትነቱን ማረጋገጥ አለባት፤ አባትየውም ልጁን ለማየት መጠየቅ ቢፈልግ እንደዚያው።

እናቱ ቤይሩት ናት። ልጁ እኔ ጋ ነው፣ ትምህርት ቤት ወረቀት ይጠይቀኛል።

በሕይወት ካለችና በስልክ የምትገኝ ከሆነ አሳዳሪዋ አሁንም እሷ ናት፤ እናንተን የሞግዚትነት ማስረጃ ከማሳደድ ውክልና ይቀላችኋል። ባለችበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ትስጥ፣ ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ውክልናው ላይ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ፓስፖርት፣ ፍርድ ቤት መቆም የሚሉት አንድ በአንድ ይዘርዘሩ። «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አንዱ መስኮት ይቀበላችኋል፣ አንዱ ይመልሳችኋል። ደብዛዋ ከጠፋ ግን ያኔ ፍርድ ቤት ነው።

አሜሪካ ነው ያለሁት። የወንድሜን ልጅ ሞግዚት ሆኜ ልውሰደው?

ሞግዚትነት ብቻውን ለአሜሪካ ቪዛ አያበቃም። በእነሱ የኢሚግሬሽን ሕግ የሞግዚት ልጅ «ልጅ» አይደለም። ጉዲፈቻ ሌላ ነገር ነው፣ እሱም ቢሆን በመደበኛው መንገድ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መፈጸም አለበት፣ በተጨማሪ 2 ዓመት በሕጋዊ አሳዳጊነት አብሮ መኖርን ይጠይቃል። እዚህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ ቀርቷል። ዜግነታችሁን ከቀየራችሁ ጠበቃ ሳታማክሩ ብር አታውጡ፣ «ችግር የለውም እንጨርሰዋለን» የሚላችሁን ሰው ደግሞ በጣም ጠርጥሩ።

ሌላም አለ፤ በውጭ ፍርድ ቤት የተሰጠ ልጅ የማሳደግ ውሳኔ እዚህ በራሱ አይፈጸምም። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲፈጸም ማመልከት ያስፈልጋል።

ጉዲፈቻ ከሞግዚትነት ይሻላል?

ለየቅል ናቸው። ሞግዚትነት ልጁ 18 ሲሞላው ያበቃል፣ ወራሽም አያደርገውም። ጉዲፈቻ ልጅ ያደርገዋል፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ፍርድ ቤትም ያጸድቀዋል።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ እችላለሁ?

ሁለታችሁም ወገኖች ከተስማማችሁ ብቻ። አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ውሳኔ አግኝቻለሁ፣ ግን ልጁን አያሳየኝም። ቀለቡንም አቁሟል።

የውሳኔውን ግልባጭ ይዛችሁ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍቱ። ደመወዝተኛ ከሆነ ቀለቡ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቆረጥ ማዘዝ ይቻላል፣ ይሄ ከሁሉም የሚሠራው ነው። ቀለብ መከልከል በወንጀልም ያስጠይቃል። አንድ ነገር ግን አታድርጉ፦ «ቀለብ ስላልሰጠ ልጁን አላሳየውም» አትበሉ። ሁለቱ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፣ አንዱን በሌላው ስትቀጡ ጥፋተኛዋ እናንተ ትሆናላችሁ። ውሳኔው ራሱ ካልተስማማችሁ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሁኔታው ከተለወጠ ደግሞ፣ ሥራ ቢጠፋ፣ አንዱ ቢታመም፣ ልጁ ቢበደል፣ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና ሊያየው ይችላል።

ሞግዚት ሆኛለሁ። የልጁን ድርሻ ቤት ሸጬ ላሳድገው?

ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሆንም። ውል ማረጋገጫ ላይ ራሱ ይመልሷችኋል። በልጁ ስም ባንክ ያለውን ብር ማውጣትም ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ይጠይቃል። ያስቸግራል፣ አውቃለሁ፣ ዩኒፎርም ለመግዛት ብር ቸግሮን የልጅቷ ደብተር ላይ ብር እያለ ተበድረን እናውቃለን። ግን ይህ ደንብ ባይኖር ስንቱ ልጅ 18 ሲሞላው ቤቱ ተሸጦ ይጠብቀው ነበር። የገባውንና የወጣውን ጻፉ፣ ሞግዚት ሒሳብ ይጠየቃል፣ ካባከነም ዘመድ አመልክቶ ሊያሽረው ይችላል።

የእኛዋ 18 ሊሞላት ሦስት ዓመት ቀርቷታል። የሒሳብ መዝገቡን የት እንደማስቀምጥ ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብላ ስትደምር የ200 ብር ስህተት አገኘችብኝ።